ለታመመች ድመት ጥርስ ማስነቀል



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ግዛት አንዲት የ17 ዓመት እህታችን በጻፈችልን ደብዳቤ ላይ የተመሠረተ ነው። በቤታቸው 13 ዓመት የሞላት ድመት አለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊቷ መድከሙ በደም ምርመራ ታውቆ፣ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለኩላሊት ሕሙማን ድመቶች የሚዘጋጀውን ምግብ እየበላች ደህና ኖራለች። አሁን ግን አፏ ይሸታል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ወደ ሳህኗ በጉጉት ትሄድና አንዴ ነክሳ ትሸሻለች። የእንስሳት ሐኪሟ ብዙ ጥርሶች መነቀል እንዳለባቸው፣ ይህም ሙሉ ማደንዘዣ እንደሚጠይቅ፣ በኩላሊቷ ምክንያት አደጋው ከፍ እንደሚል፣ ወጪውም ከ1,000 ዶላር እንደሚበልጥ ነግረዋቸዋል። አባቷ «አገር ቤት ስንት ችግረኛ ዘመድ እያለ ለድመት ጥርስ?» ብለዋል። እናቷን ያስጨነቃቸው ግን ገንዘቡ አይደለም። «ተኝታ ሳትነቃ ብትቀርስ? የቀራትን ቀን በሰላም ትኑር» ይላሉ። እህታችን በሁለቱ መካከል ሆና «ዝም ብለን ብንተዋት ወንጀል ይሆንብናል ወይ?» ስትል ትጠይቃለች።

ይህን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ሰው ራሱ ጥርሱን የሚያሳክምበት አጥቶ ሲያቃስት በሚያድርበት አገር ያደግን ነንና ፈገግታው አያስወቅስም። ሆኖም የሰፈር ድመት አይጧን አድና፣ ከጎረቤት ለምና ትኖራለች፤ በአፓርታማ ተዘግታ ያደገች ድመት ግን ከባለቤቶቿ እጅ ሌላ መሄጃ የላትም። ድመት አስራ ምግብ ሳትሰጣት፣ ራሷ ፈልጋ እንዳትበላም ሳትለቃት በረሃብ ስለገደለችው ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲሥ የሚነካው ይህንኑ ነጥብ ነው። ለዚህ ደብዳቤ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ታላቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቅ ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ ያሰፈሩት ነው። እንስሳዋ አርጅታ ወይም ታማ ምንም ጥቅም የማትሰጥ ብትሆን እንኳ ቀለቧ በባለቤቷ ላይ እንደሚጸና ጽፈዋል። ልብ በሉ፣ ያሉት ቀለብ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ውድ ቀዶ ሕክምና ግዴታ ነው ማለት አይቻልም። የቤተሰብ ቀለብ፣ የቤት ኪራይና ዕዳ ይቀድማሉ። ስለዚህ አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው የድመቱን ጥርስ ባለማስነቀሉ ወንጀለኛ ነው የሚል ቃል ከኛ አይወጣም። ሕመሟን እያዩ እንዳላዩ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለመሆኑ አፏ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ትልቅ ድመት 30 ጥርስ አላት፤ ጥርሶቿም እንደ ሰው ጥርስ በስኳር በልተው አይቦረቦሩም ማለት ይቻላል። በዕድሜ የገፉ ድመቶችን በብዛት የሚያጠቃው የገዛ አካላቸው ሕዋሳት ጥርሱን ከሥሩ እየበሉ የሚያሟሙበት ሕመም ነው። ከላይ ሲታይ በድዱ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ቀይ ነጥብ ትመስላለች፤ ከሥር ግን ነርቩ ተጋልጦ ይሆናል። መበላቱ ስለማይቆም ማስሞላት አይጠቅምም፣ መፍትሔው መንቀል ነው። የጥርሱ ሥር ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ ከሆነ ሐኪሙ ላዩን ብቻ ቆርጦ ድዱን ይሰፋዋል፤ ይህን የሚለየው ራጅ ብቻ ነው። ሌላው የአፍ ብግነት ነው። አካሏ በጥርሷ ላይ ለሚጋገረው ቆሻሻ ከመጠን በላይ እየተቆጣ ድዷና ጉሮሮዋ ድረስ ያለው ሥጋ ቀልቶ ያብጣል። ለዚህኛው የሚመከረው የመንጋጋ ጥርሶችን ሁሉ፣ አንዳንዴም ያሉትን በሙሉ መንቀል ነው። ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ከተነቀለላቸው ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ፈጽመው ይድናሉ ወይም በጉልህ ይሻላቸዋል፤ የቀሩት ከዚያ በኋላም መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ጥርስ አልባ ድመት በረሃብ ትሞታለች የሚለውን ስጋት ተዉት፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ለስላሳውን ምግብ፣ ብዙዎቹም ደረቁን ጭምር ይበላሉ።

«ከበላች አላመማትም» የሚለው አባባልም በድመት ላይ አይሠራም። ድመት ሕመሟን ደባቂ ናት፤ እያመማትም ትበላለች። በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ፣ የጎረሱትን መጣል፣ ጸጉርን መላስ መተው፣ ከአልጋ ሥር መደበቅ፣ እነዚህ ናቸው ቋንቋዋ። እህታችን የጻፈችው ነክሶ መሸሽ ከሁሉም የጎላው ነው።

አሁን ወደ እናት ፍርሃት እንምጣ፤ ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ክብደት ያለው እሱ ነውና። ማደንዘዣ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ይህን ለመቋቋም ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በብሪታንያ ክሊኒኮች የተደረገ ሰፊ ጥናት ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ ከጤነኛ ድመቶች ከ1,000ው አንዷ ያህል፣ ከታመሙት ግን ከ1,000ው 14 ያህሉ መሞታቸውን አሳይቷል። እናት እውነት አላቸው፣ ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሆኖም ያው ቁጥር ከታመሙት ከ100ው 98 የሚበልጡት መትረፋቸውንም ይናገራል። «የታመሙ» በሚለው ውስጥም ለሞት የተቃረቡት ጭምር ተቆጥረዋል። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚባለው፣ ከሞቱት የሚበዙት የሞቱት ሥራው ካበቃ በኋላ፣ በአመዛኙም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐኪሟን «ከነቃች በኋላ አጠገቧ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ሌላ ክሊኒክ ፈልጉ።

የኩላሊት ሕመም በአራት ደረጃዎች ይመደባል። እህቴ ሆይ፣ የድመትሽ ደረጃ ስንተኛው እንደሆነ በደብዳቤሽ አልገለጽሽልንም፤ ውሳኔው የሚንጠለጠለው ግን በእሱ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተደረገ ምርመራ ለዛሬ አይበቃም። ደሟና ሽንቷ እንደገና ይመርመር፣ የደም ግፊቷም ይለካ። በሁለተኛው ደረጃ ላይ የምትገኝ፣ ክብደቷ ያልቀነሰ ድመት በጥንቃቄ ከተያዘች ብዙ ጊዜ ትወጣዋለች። ጥንቃቄ ስንልም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሳያቋርጡ ግፊቷን መለካት፣ ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ ማድረግ፣ ጥርሶቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ በአንድ ቀን ከመጨረስ በሁለት ቀጠሮ መክፈል ማለታችን ነው። ከቀጠሮው በፊት ምግብ ከልክሉ ትባላላችሁ፤ ውኃ ግን ሐኪሙ ካላዘዘ አትከልክሏት፣ የኩላሊት ሕመምተኛ ፈጥና ትደርቃለችና።

«በሰላም ትኑር» የሚለው የእናት ምኞት መልካም ምኞት ነው። ችግሩ፣ የታመመ ጥርስ ሰላም አይሰጥም። ሕመሙ ከምግብ ሲያርቃት ትከሳለች፣ ውኃም ስትቀንስ ኩላሊቷ ይባስ ይደክማል። አለማስነቀልም የራሱ አደጋ አለው፤ የሚለየው ቀስ ብሎ መምጣቱ ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ ገንዘቡ ለአገር ቤት ዘመድ ከሚላከው የሚቀነስ ከሆነ አባትሽ ልክ ናቸው። ዘካም ለዚህ አይነካም፤ ባለመብቶቹ የታወቁ ናቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ለአዲስ ስልክ ወይም ለሽርሽር ከተቀመጠው ከሆነ ግን ክርክራቸው ይሳሳል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ሠርተሽ የምታገኚውን ይዘሽ ብትቀርቢ ወሬው መልኩን ሳይቀይር አይቀርም። ክሊኒኩ የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ፣ በጣም የሚያሟትን ብቻ መንቀል ይቻል እንደሆነ፣ ክፍያውም በየወሩ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ። ማደንዘዣ ሳይሰጡ ጥርስ እናጸዳለን የሚሉ ሰዎች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ከድድ በታች ያለውን ሕመም ግን አይነኩትም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አይነቀል ብላችሁ ከወሰናችሁ ለሐኪሟ በግልጽ ንገሩ፤ ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ። በገዛ እጃችሁ ግን የሰው መድኃኒት እንዳትሰጧት። አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመት ልትገድል ትችላለች፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ ያንኑ የታመመ ኩላሊት ይጎዳል። ለድመት የሚታዘዘው ሜሎክሲካም እንኳ ለኩላሊት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ክትትል አይሰጥም። ምግቧን አርጥባችሁና ትንሽ አሙቃችሁ ስጧት።

ብዙዎች የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ። በአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ሐዲሥ እንደተላለፈው ድመት ነጃሳ አይደለችም፤ ለሃጯ ልብስ ቢነካ ሶላት አያበላሽም። የታመመ አፍ ግን ደም ይቀላቅላል፣ ደም ደግሞ በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ ነጃሳ ነው። ጥቂት ጠብታ ብዙዎቹ ይቅር ያሉት ነው፤ በግልጽ የሚታየውን እጠቡት። ወላሁ አዕለም።

አገር ቤት ላላችሁ አንባብያን ደግሞ ማሳሰቢያ አለን። በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት መሰጠት ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ወጥተዋል፤ የጥርስ ራጅ ግን በሁሉም ቦታ አይገኝም። ከዚህም የሚያስቸኩለው፣ ክትባት ያልወሰደች ድመት ለሃጭ ማዝረብረብና ጠባይ መለወጥ ካሳየች የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን መቻሉ ነው። ጥርሷን አያለሁ ብላችሁ እጃችሁን አፏ ውስጥ አታስገቡ፣ ልጆችንም አርቁ። የነከሰችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ በዚህ ሳምንት ምርመራው ይደረግ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከሆነች፣ ወጪውም የሌላ ሰው ሐቅ ሳይነካ የሚሸፈን ከሆነ ጥርሶቹ ይነቀሉ። አራተኛው ላይ ደርሳ ከሆነ ግን ማስታገሻው ይሻላታል። ምንም ተስፋ ለሌላትና ለምትሰቃይ ድመት ሐኪሞች በመርፌ ማሳረፍን ይመክራሉ፤ በዚህ ላይ ዑለማእ የተለያየ አቋም ስላላቸው የአካባቢያችሁን ዓሊም ሳትጠይቁ አትወስኑ። ከነቀላው በኋላ ለ10 ቀን ያህል ለስላሳ ምግብ ብቻ ስጧት። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች እስኪነጋ ሳትጠብቁ ክሊኒኩ ዘንድ ደውሉ።