ካርዱ ቤት ሲደርስ



ሰኔ 30ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። ዓመቱን ሙሉ የተቀያየሙ ልጆች «ሰኔ ሠላሳ እንገናኛለን!» እየተባባሉ የሚዛዛቱበት፣ ጎበዙ የሚናፍቀው፣ የሰነፈው የሚፈራው ቀን ነው። በባሕር ዳርም ሰኔ ሲያልቅ ክረምቱ ገብቷል። ጣና ላይ ደመናው ዝቅ ይላል፤ ዓባይም መደፍረስ ይጀምራል። ከጣና ሐይቅ፣ ከፋሲሎ፣ ከግዮንና ከሌሎቹም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ልጆች ካርዳቸውን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች መጥተው፣ ቤት ተከራይተውና ስንቅ እያመላለሱ ሲማሩ የከረሙትም ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ።

የትምህርት ቤቱ ዜና በዚያ ቀን አጭር ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ስማቸው ይጠራል፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ መዝገበ ቃላት ወይም ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። ክረምቱ አልፎ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ደግሞ በየአጥቢያችን «ጌታ ረድቷቸው ያለፉ ልጆቻችን ወደ ፊት ይምጡ» ይባላል። እልልታው ይደምቃል፤ መጋቢው ይጸልያል፤ እናቶች ያለቅሳሉ።

ይህ መልካም ነው። የደከመ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን በሮሜ 12፥15 ያዘዘን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ደስ ካላቸው ጋር እንድንደሰት፣ ከሚያለቅሱትም ጋር እንድናለቅስ ነው ያዘዘን። የመጀመሪያውን በመድረክ ላይ አሳምረን እንፈጽመዋለን። ሁለተኛውስ? ስሙ ያልተጠራው ልጅ ቤቱ ሲገባ ምን ይጠብቀዋል? በእሑዱ ጉባኤስ የት ይቀመጣል?

ቁጥሩ ምን ይላል?

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ።

ይህን ስሌት ወደ ጉባኤያችን እናምጣው። ከአንድ አጥቢያ 12 ልጆች ቢፈተኑ፣ በ2017ቱ ውጤት ስሌት ወደ መድረክ የሚወጣው አንድ ልጅ ነው። 11ዱ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ከእነዚህ መካከል የመዘምራን ቡድን አባላት፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ ወንበር ደርዳሪዎች ይኖራሉ። በማግሥቱ እሑድ አንዱ ይቀራል። በሳምንቱ ሌላዋ ትቀራለች። እኛም «ወጣቶቻችን ለምን ቀዘቀዙ?» እያልን ጾም ጸሎት እናውጃለን። የቀዘቀዙት ከጌታ ፍቅር ሳይሆን ከእኛ ፊት ሸሽተው ሊሆን እንደሚችል ግን ልብ አንልም።

ደግሞም ፍትሐዊ እንሁን። የዛሬዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያለፉበት ዘመን የዋዛ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። በከተማ ሆኖ ደብተር ይዞ መውጣት የቻለ ልጅ በዚህ ሁሉ መካከል ዓመቱን መጨረሱ ራሱ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው።

«ልጅሽን አየሽው?»

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ካርዱ ያማረ ሲሆን አባት «የእኔ ልጅ!» ይላል። ዝቅ ሲል ግን ወደ ባለቤቱ ዞር ብሎ «ልጅሽን አየሽው?» ይላል። እርሷም በፋንታዋ «አንተ መቼ ቤት ተገኝተህ ታውቃለህ?» ትላለች። የልጁ ካርድ የባልና ሚስት መካሰሻ ይሆናል። በጓዳ የቆየው የገንዘብና የሥራ ብሶት ሁሉ በዚያች ወረቀት ሰበብ ይወጣል። ልጁም ጥግ ይዞ ይሰማል፤ የቤቱ ጠብ መነሻ እርሱ እንደሆነም ያምናል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ምክሬ ይህ ነው፤ ካርዱን አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ አንብቡት። በልጁ ፊት ከመናገራችሁ በፊት በመኝታ ቤታችሁ ተነጋገሩ፤ ጸልዩበትም። ከዚያ በኋላ ልጁን ስትጠሩት በአንድ ድምፅ ተናገሩ። ቀበቶ ፈትቶ የሚጠብቅ አባት፣ ከአባት ደብቃ ካርድ የምትፈርም እናት ለልጁ አይጠቅሙትም። አባቶች ልጆቻቸውን አበሳጭተው ተስፋ እንዳያስቆርጡ በቆላስይስ 3፥21 የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ለሰኔ 30 ማታም ይሠራል።

ካርድ ከታች ወደ ላይ ይነበባል

አብዛኞቻችን ካርድ ስንቀበል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል 1ኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ የቀሩት 59ኙ ሁሉ ሰነፎች አይደሉም። ስለዚህ ዓይናችን ደረጃው ላይ ከማረፉ በፊት፣ ከታች በኩል ያሉትን ሁለቱን መስመሮች እንይ፤ «ጠባይ» እና «የቀረበት ቀን»። ልጃችን በዓመቱ ውስጥ 20 ቀን ቀርቶ እኛ ካላወቅን፣ ካርዱ የሚናገረው ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ቀርቶ ያልተጠየቀ ልጅ ሁለተኛውን ቀን ሳይፈራ ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህን ጊዜ ነው።

ቀጥለን ልጁን ከራሱ ጋር እናወዳድረው። የአንደኛውን ሴሚስተር ከሁለተኛው፣ ያምናውን ከዘንድሮው እናስተያይ። ከ52 ወደ 61 የወጣ ልጅ ደረጃው 30ኛም ቢሆን እየወጣ ነው። ከ90 ወደ 78 የወረደችው ልጅ 4ኛ ብትወጣም አንድ የሚያስጨንቃት ነገር ሊኖር ይችላል። ከጎረቤት ልጅ ወይም ከታላቅ ወንድም ጋር ማነጻጸር ግን ቅናት ይዘራል እንጂ ውጤት አያሻሽልም።

ከዚያ እንጠይቅ፤ መልሱንም እንስማ። በ8ኛ ክፍል በሒሳብ ጎበዝ የነበረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ቢወርድ፣ ችግሩ ሒሳቡ ላይሆን ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ ብዙ ነው። ሴት ልጃችንንም ስንጠይቅ እውነቱን እንይ። ወንድሟ መብራት ሥር ሲያነብ እርሷ ወጥ ስትሠራና ሰሃን ስታጥብ አምሽታ እንደሆነ፣ የወረደው ነጥብ የእርሷ ብቻ አይደለም። የክፍል ኃላፊ መምህሩንም በትምህርት መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም እናነጋግር።

የተኮረጀ 80 ወይስ የታመነ 47?

አንድ ጥያቄ በግልጽ እንነጋገር። ልጆቻችን ወደ ፈተና ሲሄዱ እጃችንን ጭነን «ጌታ ሆይ አሳልፋቸው» ብለን ጸልየናል። «ጌታ ሆይ ከኩረጃ ጠብቃቸው» ብለን የጸለይን ስንቶቻችን ነን? ጠቢቡ በምሳሌ 11፥1 ስለተዛባ ሚዛን የተናገረው ለገበያ ነጋዴ ብቻ አይደለም። የተኮረጀ ነጥብም የተዛባ ሚዛን ነው። የሐሰት ክብደት ይዞ የወጣ ልጅ፣ ነገ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሲሆን ሸክሙ በሌሎች ሰዎች ላይ ያርፋል።

ልጃችሁ አጠገቡ ያሉት ሲኮርጁ እርሱ ሳይኮርጅ 47 አምጥቶ ቤት ቢገባ፣ በመጀመሪያ ስለ ታማኝነቱ አመስግኑት፤ ቀጥሎ ስለ 47ቱ ተነጋገሩ። ቅደም ተከተሉ ይለያል። የተኮረጀውን 80 ሸልመን የታመነውን 47 ከገረፍን ግን፣ ለልጆቻችን ያስተማርነው ወንጌል የትኛው እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።

የዳንኤልን ታሪክ አስቡ። በዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደምናነበው፣ እርሱና ሦስቱ ባልንጀሮቹ በባቢሎን ለሦስት ዓመት ተምረው በመጨረሻ በንጉሡ ፊት ተፈተኑ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ዐሥር እጅ ልቀውም ተገኙ። እኛ በሰበክነው ቁጥር የምናነሣው ይህን ውጤት ነው። መጽሐፉ ግን ከውጤቱ በፊት በቁጥር 8 ላይ ሌላ ነገር መዝግቧል፤ ዳንኤል ላለመርከስ በልቡ ቆርጦ ነበር። ያን ውሳኔ ሲወስን ማንም አላጨበጨበለትም። እግዚአብሔር ግን አይቶታል።

ለአምስቱም ለሁለቱም

«ታዲያ ስንፍናን እንታገሥ ማለት ነው?» የሚል ወላጅ ይኖራል። አይደለም። በማቴዎስ 25 ባለው የመክሊት ምሳሌ ጌታው መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ ገሥጾታል። ስልክ ሲነካካ ዓመቱን የጨረሰ ልጅም ተግሣጽ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በዚያው ምሳሌ አምስት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የተቀበሉት ምስጋና በቃላትም በደስታም አንድ መሆኑን አስተውሉ። ጌታው የጠየቀው የተሰጣቸውን ምን እንዳደረጉበት ነው። ወላጅም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ለልጆቻችን የተከፈተው በር ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶ ካልሞላላቸው መካከል የተወሰኑት በዩኒቨርሲቲዎች የሪሜዲያል ትምህርት ተከታትለው የመግባት ዕድል አግኝተዋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም አሉ። «ቴክኒክና ሙያ የወዳቂ ቦታ ነው» የሚል ወላጅ ቢኖር የገዛ ከተማውን ታሪክ ያስታውስ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ከተዋሐዱት ሁለት ተቋማት አንዱ፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው። በጨርቃ ጨርቅ፣ በኤሌክትሪክ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ባለሙያዎችን ያፈራ ቤት ነበር። ጌታችን ራሱ ያደገው በአናጢ ቤት አይደለምን?

ለአጥቢያዎቻችን

መሪዎቻችንንም በፍቅር ልለምን። የምስጋናው ፕሮግራም አይቅር። ነገር ግን ያለፉትን ከመጥራታችሁ በፊት የተፈተኑትን ሁሉ ጥሩ፤ ዓመቱን ስለጨረሱ አመስግኑላቸው። መምህራኖቻቸውንም በስም አንሥታችሁ ባርኩ። ውጤት በወጣ ሳምንት ያልቀናቸውን ልጆች ቤት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ሐዘን ቤት እንደምንሄደው ማለት ነው። «ለምን ወደቅህ?» ለማለት ሳይሆን አብሮ ሻይ ለመጠጣት ይሁን። መዝሙሩንና አገልግሎቱንም አታስጥሏቸው፤ በጌታ ቤት ያላቸው ቦታ በነጥብ የተገኘ አይደለምና።

የክረምቱ ሁለት ወራትም ከፊታችን ናቸው። በየጉባኤያችን መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ተመራቂዎች አሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ተዘግቶ የሚውለው አዳራሻችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢከፈት ምን ይጎዳል? ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ፈቃደኛ ልብ ይበቃል። የጎረቤት ልጆች የየትኛውም ቤተ እምነት ቢሆኑ ይምጡ። ይህ ለከተማችን የምንሰጠው መልካም ምስክርነት ይሆናል።

ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ካርዱን እንደገና አውጡት። ልጃችሁን በመካከላችሁ አስቀምጡት። አንድ ያሻሻለውን ነገር ፈልጋችሁ በስሙ ጠርታችሁ ንገሩት፤ አንድ የሚያስተካክለውን ነገር አብራችሁ ወስኑ። ከዚያም እጃችሁን ጭናችሁ ባርኩት። ያለፈውንም ያላለፈውንም ልጅ የፈጠረው አንድ እግዚአብሔር ነው፤ በእጃችንም በአደራ ያስቀመጠው እርሱ ነው።

ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ! አሜን።