የዘር ዓሣ

ከደጋን ተነሥቶ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። ከአጠገቧ ያለው ታላቅ ውኃም በዚሁ ስም ይጠራል። በዳሩ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ብዙ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በውኃው ላይ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይጥላሉ።

ከሚይዙት ዓሣ አንዱ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ቀድሞ በዚህ ውኃ አልነበረም፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ሰዎች ከሌላ ስፍራ አምጥተው ጨመሩት። እንግዲህ ዛሬ የሚያጠምድ ሰው ሌላው የዘራውን ያጭዳል።

የቆሮሶ ጠባይ እጅግ ያስደንቃል። እናቲቱ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ትሰበስበዋለች፤ እስኪፈለፈልም ድረስ በአፏ ትጠብቀዋለች። ጫጩቶቿ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይሸሻሉ። በዚያ ጊዜ እርስዋን ያጠመደ ሰው አንድ ዓሣ ብቻ የያዘ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ልጆቿን ሁሉ አጥፍቷል። ዓይኑ የጠበበ መረብ የሚጥልም ገና ያልተራባውን ትንሹን ዓሣ ያወጣል።

አንዳንድ አጥማጅ፥ «ልጆቼ ዛሬ ተርበዋል፤ ስለ ነገ እንዴት ላስብ?» ይላል። ይህ ቃል የሚያሳዝን እንጂ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ብልህ ገበሬ በክረምት ቢቸገርም ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይነካም፤ ዘሩን ቢበላ በመከር የሚያጭደው የለውምና።

«ውኃው ሰፊ ነው፥ ዓሣውም አያልቅም» የሚል ሰው ደግሞ የስኮትላንድን አገር ይመልከት። በዚያ በባሕር ዳር ያሉ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ ይኖሩ ነበር። ዓሣው ያለ ልክ ስለ ተጠመደ እጅግ አነሰ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በሰሜን ባሕር ሄሪንግን ማጥመድ ተከለከለ። ዓሣው ጥቂት ዓመታት ካረፈ በኋላ ግን እንደ ገና በዛ። ያ ሰፊ ባሕር ከጎደለ፥ የእኛ ሐይቅ እንዴት አይጎድልም?

ስለዚህ የመረቡ ዓይን ሰፊ ይሁን፤ በመራቢያውም ወራት ዓሣው ይረፍ። በእነዚያ ወራት አጥማጁ እንዳይራብ ጎረቤቶቹ ይርዱት፤ የውኃው በረከት የሁሉ ነውና ሸክሙም የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይገባም።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም ወደ ገበያ ስትላኩ ትንሹን ዓሣ አትግዙ። ገዢ ያጣ አጥማጅ መረቡን ይለውጣል።