የጤና ዓምድ፦ ሳያም የሚጠፋ ዓይን

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የዓይን ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው «ከቤተሰብዎ ግላኮማ ያለበት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንዱ «የለም» ብሎ ያልፋል። አባቱ ግን በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ በልጅ እጅ ይመሩ ነበር። «ሞራ ነው»፣ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ቀረ እንጂ መርምሮ ስሙን የነገራቸው አልነበረም።

ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ዓይንም አያቀላም። ከዳር እይታ ስለሚጀምር በሽተኛው ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል ሁሉ አንብቦ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። የጠፋው ብርሃን ደግሞ አይመለስም። ታክሲ ነድቶ ለሚያድር ሰው ከጎን የምትመጣዋን መኪና አለማየት የእንጀራም የሕይወትም ጉዳይ ነው።

እዚሁ ጎረቤት ባልቲሞር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ጥናት በሽታው በጥቁሮች ላይ ከነጮች ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚበዛ አሳይቷል። ከታመሙት ግማሽ ያህሉ መታመማቸውን አያውቁም ነበር። ከታመሙት ዓይኖች ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ጊዜ ሲለኩ ግፊታቸው ደህና ከሚባለው ልክ አላለፈም። ስለዚህ ግፊት መለካት ብቻውን አይበቃም።

በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው «ኦ.ሲ.ቲ.» የተባለው የምስል ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። በብርሃን የዓይንን ጀርባ አንብቦ የነርቩን ክሮች ውፍረት በሚሊሜትር ሺኛ ይለካል። መርፌ የለው፣ ጨረር የለው፤ በደቂቃዎች ያልቃል። የዘንድሮው ምስል ተቀምጦ ከከርሞው ጋር ሲመሳከር መሳሳቱ ይታወቃል። ሆኖም መሣሪያው ብቻውን አይፈርድም። ርቀት የማያይ ዓይን ጤነኛ ሆኖ ሳለ የታመመ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የዳር እይታንና ግፊትን መርምሮ፣ ነርቩንም በዓይኑ አይቶ ይወስናል።

ጊዜው ሳያልፍ የተገኘ ግላኮማ በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና ይገታል። ሜዲኬር ያላቸው የስኳር ሕመምተኞች፣ በቤተሰባቸው ግላኮማ ያለባቸውና 50 ዓመት የሞላቸው ጥቁሮች በዓመት አንድ ጊዜ የግላኮማ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል፤ የራስ ድርሻ ክፍያ ግን ይኖራል። ጠብታ ተደርጎ ብሌን ከተከፈተ እይታ ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ፣ የዚያን ቀን መሪ የሚይዝ ሌላ ሰው ይዞ መሄድ ይበጃል።

ከቀጠሮው በፊት ግን ወደ አገር ቤት ስልክ ይደወል። «የአባታችን ዓይን እንዴት ነበር የጠፋው?» ተብሎ ታላቅ ይጠየቅ። መልሱ በሐኪሙ ፊት ከምስሉ እኩል ዋጋ አለው።