መርዙን ያላስጣለ ማዕቀብ

ዶርም ውስጥም ሆነ ሻይ ቤት የዓለም ፖለቲካ በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ። «ማዕቀብ የሚባል ነገር አይሠራም፤ የተከለከለ መሣሪያ የያዘ መንግሥት በልመናም በማዕቀብም አይጥልም» ይባላል። አንዱ ኢራቅን ይጠቅሳል፣ ሌላው ሶሪያን፣ ሦስተኛው ሰሜን ኮሪያን። ሐረር ተቀምጦ የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚጠቅስ ግን አላጋጠመኝም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በአባል አገር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕቀብ የጣለው እኮ በእኛ ጉዳይ ነው፣ ማዕቀብ የተጣለባት ጣሊያንም የተከለከለ መሣሪያ ይዛ የመጣችው በእኛው ላይ ነው። እኛ ከተማ ስለ ጣሊያን ጊዜ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው መንገዱና ሕንፃው ይመስለኛል።

እንደሚታወቀው መርዛማ ጋዝን በጦርነት መጠቀም በጄኔቭ ስምምነት የተከለከለው በ1917 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ፈርማለች፣ አጽድቃለችም። ኢትዮጵያም በ1928 ዓ.ም. ገባችበት። ስምምነቱ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው፤ መጠቀምን እንጂ ማምረትንና ማከማቸትን አይከለክልም። ስለዚህ ጋዙ በመርከብ ተጭኖ በስዊዝ ካናል በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ሲጓዝ የሚያስቆመው አልነበረም። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ወር ሳይሞላው ሙሶሊኒ ጋዝ የመጠቀም ፈቃድ ለግራዚያኒ በቴሌግራም ላከ። ያ ፈቃድ የተሰጠው ለእኛው ግንባር ነው፤ በጅጅጋ መንገድ ወርደን ለምናገኘው ኦጋዴን፣ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ይመሩት በነበረው ጦር ላይ። በሰሜን ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜ አጠገብ ቀመሰው። የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው እንደ ጭስ ብን ብሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም። እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፣ ሣሩ ላይና ውኃው ውስጥ ይቆያል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። አብዛኛው የእኛ ወታደር ደግሞ በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው።

ሐረር ላይ የወደቀው ግን ጋዝ ሳይሆን ቦምብ ነው። ጋዜጠኛ እሆናለሁ የሚል ሰው ሁለቱን ማደባለቅ የለበትም። ጦር የሌለባት ክፍት ከተማ ናት ተብሎ የታወጀላትን ሐረር መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. 33 አውሮፕላኖች መጥተው 12 ቶን ቦምብ ጣሉባት። ጣሊያኖች ከተማዋን የያዙት ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 30 ቀን ነው።

አሁን ወደ ማዕቀቡ እንምጣ። ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። 50 ያህል አገሮች ለጣሊያን መሣሪያ ላለመሸጥ፣ ብድር ላለመስጠትና የጣሊያንን ዕቃ ላለመግዛት ተስማሙ። ለጣሊያን እንዳይሸጡ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝርም ወጣ። እስቲ ዝርዝሩን ተመልከቱ፦ ጎማ አለበት፣ ቆርቆሮ አለበት፣ ጣሊያን ራሷ እንደልብ የነበራት አሉሚኒየም አለበት። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም አሉበት። ነዳጅ የለበትም! አህያ ለጣሊያን መሸጥ ወንጀል ሆነ፣ ቤንዚን መሸጥ ግን ተፈቀደ። ያነበብኩ ቀን መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ምክንያቱም ጋዙን ተሸክሞ የመጣው አህያ አይደለም። ከአውሮፕላን የሚጣለው አንዱ የጋዝ ቦምብ ከ200 ኪሎ ያላነሰ መርዝ ይይዝ ነበር። ጣሊያን የራሷ በቂ ነዳጅ ስላልነበራት ከውጭ መግዛት ግዴታዋ ነበር። ነዳጁ ቢዘጋ ኖሮ አውሮፕላኑ ይቆም ነበር፣ አውሮፕላኑ ከቆመ ጋዙ መጋዘን ውስጥ ይቀር ነበር። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት እንደጻፈው ሙሶሊኒ ራሱ በኋላ ለሂትለር ማዕቀቡ ነዳጅን ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር ነግሮታል።

ነዳጅ ለምን ተተወ? የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ትሸጥለታለች፣ ስለዚህ ዋጋ የለውም የሚል ክርክር ነበር። ይሄ ክርክር ባዶ አይደለም፤ እውነትም የአሜሪካ ኩባንያዎች ይሸጡ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ፍርሃት ይመስለኛል። ብሪታንያና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ካስቀየምነው ከሂትለር ጋር ይወግናል ብለው ሰጉ። ካናሉንም ያልዘጉት ለዚሁ ነው፣ በእርግጥ ካናሉ በጦርነት ጊዜም ክፍት እንዲሆን የሚያዝ የቆየ ውል ነበር። ሙሶሊኒ ግን ነዳጁም ካናሉም ሳይዘጋበት ሄዶ ከሂትለር ጋር ወገነ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ያ ማዕቀብ የተጣለው ስለ ወረራው እንጂ ስለ ጋዙ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ ጀምሮ ስለ ጋዙ ወደ ጄኔቭ ስታመለክት በማዕቀቡ ላይ አንዲት ነገር አልተጨመረም። ማለትም ጣሊያን ጋዝ ብትጠቀምም ባትጠቀምም የምትከፍለው ዋጋ ያው ነበር። እንዲህ ከሆነ ማን መርዙን ይጥላል? ጭራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ ጋዙ ከተናገሩ በኋላ፣ ሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሳ። ልክ ስምንት ወሩ ነበር። ጣሊያን ምን ጥላ ተነሳላት? ምንም።

ለእኛ ዲፓርትመንት የሚሆን ነገር እዚህ ላይ አለ። ጣሊያን ጋዙን ስትክድ፣ ማስረጃ በእጁ የነበረ ሁሉ አልተናገረም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሐኪሞች ቁስለኞቹን አይተዋል፤ ማኅበሩ መረጃ ስጡን ሲል ግን ኮሚቴው ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጠም። ጋዜጠኞቹም ያው ናቸው። ኤቭሊን ዎ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በጋዜጠኝነት ሐረር ድረስ መጥቶ ነበር፣ ልቡ ግን ወደ ጣሊያን ያደላ ነበር። የታይምሱ ጆርጅ ስቲር ግን ኦጋዴን ድረስ ወርዶ ዘግቧል፤ በኋላ የስፔኗን ጌርኒካን ድብደባ ለዓለም ያሳወቀውም እሱ ነው። ያልተመሰከረበትን መሣሪያ ጣል ብሎ ማስገደድ አይቻልም፤ መንግሥቱ «የለኝም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ተቃዋሚዎቼ ኢራቅን ያነሳሉ። እሺ፣ እናንሳው። ኢራቅ ላይ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጇንም ጨምሮ ሁሉን ዘጋ፣ ተራው ሕዝብ ግን መድኃኒት አጣ። ግማሽ ማዕቀብ ሲከሽፍ አየን፣ ሙሉ ማዕቀብ ደግሞ ሕፃናትን ሲቀጣ። የእኛም አገር ሰው ይህን አያጣውም። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ፣ ቅጣቱ ለመንግሥት ነው ቢባልም ሥራ ያጡት እንደ ሐዋሳ ባሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚሰፉ ልጆች ናቸው። ኢራቅ ላይ የሚረሳው ግን፣ ተቆጣጣሪዎቹ የኬሚካል መሣሪያዋን አብዛኛውን በ1990ዎቹ አስወድመውት እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የገባው ጦር ክምችት ፈልጎ አጣ። መሣሪያው ተወግዶ እያለ ማዕቀቡ አልተነሳም። ታዲያ «ብትጥልም ባትጥልም አንለቅህም» የሚባል መንግሥት ለምን ይተባበራል? የ1928ቱ ስህተት ተገልብጦ ተደገመ እላለሁ።

የሶሪያው ትንሽ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2013 ጉታ ላይ ጋዝ ከተጣለ በኋላ አሜሪካ ጦር አዘምታለሁ አለች፣ የሶሪያ ወዳጅ ሩሲያም «መሣሪያውን አስረክብና ዳን» አለች። ዋጋው ስለ ጋዙ ብቻ፣ መውጫውም ግልጽ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 1,300 ቶን ያህል ወጣ። እርግጥ ሁሉም አልወጣም፤ በ2017 ካን ሼይኩን ላይ ሳሪን የሞቱ ሰዎች ታይተዋል። ቢሆንም የወጣው 1,300 ቶን በማንም ላይ አልወደቀም።

የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ዓመታት ሙሉ ሰነድ እያወጣ ከጨቀጨቀ በኋላ። ኢትዮጵያ የኬሚካል መሣሪያን ማምረትና ማከማቸት ጭምር የሚከለክለውን አዲሱን ስምምነት ያጸደቀችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ጋዝ ሲጣል ከማንም ቀድማ መጮህ የሚገባት አገር የእኛ ናት ብዬ አምናለሁ።

ለቡለቲናችን አዘጋጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። መጋቢት 20 ሲመጣ ጀጎል ውስጥ የትኛው ቤት ላይ ምን እንደወደቀ፣ ከጅጅጋ በኩል የመጡት ቁስለኞች የት እንደታከሙ፣ አያቶቻቸው የነገሯቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች ጋ እየሄድን የምንጽፍበት ሁለት ገፅ ይሰጠን። ከኤረር በር ሠፈር ያለውን እኔ ልያዝ።