ቀላል ፔዳል ወይስ የታመነ ፍሬን?

ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ደስታው ወሰን የለውም። በሁለተኛው ሳምንት ግን የባልንጀራውን አዲስ መኪና ነድቶ ወደ ራሱ ሲመለስ፤ «የእኔ ፍሬን ስለ ምን እንዲህ ይከብዳል?» ይላል። አንዱም ቀበል አድርጎ፤ «ቡስተር አስገባበት፤ ፔዳሉ ይቀልልሃል» ይለዋል። ይህ ምክር ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ኋላ ሊመጣ የሚገባውን ያስቀደመ ነው።

እግርዎ ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ዘንግ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል። ፒስተኑም የፍሬን ዘይቱን ይጫናል፤ ዘይቱ ግፊቱን በቀጭን ቱቦዎች ወደ አራቱ ጎማዎች ያደርሳል፤ በዚያም የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተፋትጎ መኪናውን ያቆማል። ቡስተር የሚባለው ደግሞ ውስጡ በላስቲክ ለሁለት የተከፈለ ክብ የቆርቆሮ ዕቃ ነው። በአንዱ ወገን ያለውን አየር ሞተሩ ይስበዋል፤ በሌላው ወገን የውጭው አየር ገብቶ ይገፋል። እንግዲህ ቡስተር እግርን ያግዛል እንጂ እርሱ ራሱ መኪና አያቆምም። ማስተር ሲሊንደሩ የሚያፈስ ከሆነም ቡስተሩ የሚያግዘው ማፍሰሱን ነው።

ስለዚህ አስቀድመው ይህን ይመርምሩ። መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን ረግጠው ይያዙ። በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ፤ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች አርጅተዋል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል። በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማስተር ሲሊንደሩ ሳይሆን ከታምቡሩ የራቀው ሸራ ነው፤ ሸራውን ማስጠጋት ብቻ ይበቃል።

ማስተር ሲሊንደሩን መለወጥ የግድ ከሆነ፤ ሁለት ክፍል ያለውን ዓይነት ይምረጡ። የቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች ባለ አንድ ክፍል ነበሩ፤ አንዲት ቱቦ ብትቀደድ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ቮልስዋገን በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወደ አሜሪካ በላካቸው መኪናዎች ላይ ሁለት ክፍል ያለውን አስገባ። በዚህኛው የፊተኞቹ መሥመር ቢፈስ የኋለኞቹ ይይዛሉ፤ የኋለኞቹም ቢፈስ እንዲሁ። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፤ ለታምቡር ፍሬን የተሠራውና ለዲስክ ፍሬን የተሠራው አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መኪናውን በክሪክ ካነሡ በኋላ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ አይመኑ። የግራውን የፊት ጎማ ሲያወልቁ ማስተር ሲሊንደሩ ከውስጥ በኩል ይታያል። አሮጌውን ዘይት አስቀድመው ይቅዱት፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቱቦዎቹንና የፍሬን መብራቱን ሽቦዎች ይፍቱ፤ የያዙትን ሁለት ቡሎኖች በፔዳሉ በኩል ያውጡ። አዲሱን ሲያስገቡ የቱቦዎቹን ማሰሪያዎች መጀመሪያ በጣት ያዙሩ፤ በቁልፍ የጀመረ ሰው ጥርሱን ያበላሻል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው። እግርዎ ፔዳሉ ላይ በሌለ ጊዜ በዘንጉና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ በፔዳሉ ጫፍ ላይ ይህ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ላላ ያለ እንቅስቃሴ ሆኖ ይታወቃል። የሚስተካከለውም ፔዳሉን የሚያቆመውን ብረት በማንቀሳቀስ ነው። ክፍተቱ ከሌለ፤ ዘይቱ ወደ ጣሳው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተደፍና ትቀራለች። ዘይቱ በሙቀት ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ማንም ሳይረግጠው ፍሬኑ ራሱን ይይዛል፤ ታምቡሩም ይግላል። በዝቶ ከላላ ደግሞ ግማሹ ርግጫ በከንቱ ያልቃል።

አየሩን ሲያስወጡ ከሩቁ ጎማ ይጀምሩ፤ መሪው በግራ ለሆነ መኪና የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። ዘይቱም አዲስ ይሁን። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። የሞተር ዘይት ከቶ አይጨምሩበት፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ቡስተር ቢያሻዎት ጊዜው አሁን ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ አየር የሚስበው ቱቦ ረጅም ይሆናል፤ የማይጨማደድ ወፍራም ቱቦና አየሩን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያስፈልገዋል። በሌሎች መኪናዎች ላይ ቡስተሩ ከማስተር ሲሊንደሩ ጋር ተገጥሞ ሲገባ በሁለቱም መካከል ሌላ ዘንግ አለ፤ የዚያም ክፍተት እንደዚሁ ይለካ። ሥራውን ለመፈተን ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ቡስተሩ ይሠራል።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ላይ ያለ ቡስተር ጅቡቲ ወደብ ላይ እንዳለው አይደለም። የሚገፋው የውጭው አየር ነውና፤ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቡስተሩም እገዛ በዚያው ልክ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ እገዛው ፈጽሞ ያልቃል።

እንግዲህ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲሉ ሞተር አጥፍተው ቁልቁለት የሚለቁ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ያስቡ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ሞተሩን ያጠፋ ሰው የቡስተሩንም የሞተሩንም እገዛ በአንድ ጊዜ ጥሎ፤ ራሱንና ተሳፋሪዎቹን ለጋለ ታምቡር ብቻ አደራ ይሰጣል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ ቀስ ብሎ መውረድ ከማናቸውም ቡስተር ይበልጣል።

ሥራው ካለቀ በኋላም ወዲያው ወደ አደባባይ አይውጡ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ደጋግመው ያቁሙ፤ ከዚያም ወርደው አራቱን ጎማዎች በእጅዎ ይዳስሱ። ከሌሎቹ ለይቶ የጋለ ቢያገኙ ያንን ጎማ እንደገና ይመርምሩ፤ አራቱም ከጋሉ ግን ወደ 1 ሚሊ ሜትሯ ይመለሱ። መልካም መንገድ።