«ጸልዪበት» ብለን የሸኘናት

እስቲ እናንተዬ፣ በዚህ ሳምንት ስንት ሰው «ጸልይበት» አላችሁ? እናንተስ ስንቱን «ጸልዪበት» ብላችሁ ሸኛችሁ? እኛ መቁጠር ጀምረን ስናፍር ተውነው።

አንዱ ሥራ ልልቀቅ አልልቀቅ ይላል፤ «ጸልይበት»። አንዷ ቤተሰብ የወደደላትን፣ የእሷ ልብ ግን ያልተቀበለውን ሰው ላግባ ወይ ትላለች፤ «ጸልዪበት»። ሌላው ማስተርስ ልማር ወይስ ከአጎቴ ጋር ሱቅ ልክፈት ይላል፤ ያው «ጸልይበት»። ቃሉ ቅዱስ ነው፣ ጠብ የለንም። ጠባችን ከአጠቃቀማችን ጋር ነው። ብዙ ጊዜ «ጸልዪበት» ስንል «እኔን አትጠይቂኝ» ማለታችን ነው። መክረን በኋላ እንዳንወቀስ፣ ማኪያቷችንም እንዳይቀዘቅዝ፣ የጨነቀውን ሰው በክብር ወደ እግዚአብሔር እናስተላልፈዋለን፤ ልክ መሥሪያ ቤት «እዚህ አይደለም፣ መስኮት 5 ጠይቅ» እንደሚባለው።

ይህን የምንለው ንጹሕ ስለሆንን አይደለም። ጓደኛ ነበረችን። ከእኛ ጋር ጋዜጠኝነት የተማረች፣ ከእኛ ጋር ጋወን የለበሰች፣ ከእኛ ጋር ሥራ ፈልጋ ያጣች። በተመረቅን በዓመት ከመንፈቁ አንድ ደላላ ወደ ዐረብ አገር የሚወስድ የሥራ ውል አመጣላት። ወረቀቱን ይዛ ሁልጊዜ የምንገናኝበት ካፌ መጣች። ከዳር እስከ ዳር በዐረብኛ የተጻፈ ነው፤ ከመካከላችን አንብቦ የሚረዳው አልነበረም። «ምን ይመስላችኋል?» አለችን። ተማክረን እንደመጣን ሁሉ በአንድ አፍ «ጸልዪበት!» አልናት። እሷም ሦስት ቀን ጾማ ጸለየች። በአራተኛው ቀን «ልቤ ሰላም አገኘ» ስትለን «አሜን» ብለን ቦሌ ድረስ ሸኘናት።

ከካፌው ወረድ ብሎ መስጊድ አለ። ዐረብኛ አሳምረው የሚያነቡ ኡስታዝ እዚያ አሉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ከስንታችን አንዳችን እንኳ «ነይ፣ እናስነብበው» አላልናትም።

ከ14 ወር በኋላ ስትመለስ የ7 ወር ደመወዟን እዚያው ትታ ነው። ወረቀቱ የተነበበው ያኔ ነው። ደመወዙ ደላላው በአፉ ከነገራት በግማሽ ያነሰ፤ የዕረፍት ቀን የሚል ቃል የሌለበት። የሚያንገበግበን ይኼ ነው። መልሱ በእጇ ነበር። እግዚአብሔር ዝም አላላትም፤ ዝም ያልናት እኛ ነን።

አላወቅንም እንዳንል ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምረናል። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ሲመለሱ አገር አይቷል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሕግ የሥራ ውል በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ታይቶ እንዲጸድቅ ይጠይቃል። ይህን ለፈተና ሸምድደን ጽፈን ይሆናል። ለጓደኛችን ግን አልነገርናትም፤ ምክንያቱም «ጸልዪበት» ማለት ይቀላል።

አሁን «እነዚህ ልጆች ጸሎትን ሊያጣጥሉ መጡ» የሚል አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! እኛም እንጸልያለን። እንዲያውም ቅሬታችን ጸሎትን አሳንሳችሁታል የሚል ነው። እስቲ ነህምያን እንየው። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በካሴሉ ወር ሰምቶ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። በኒሳን፣ ከአራት ወር በኋላ፣ ንጉሡ አርጤክስስ ፊት ሲቆም ግን የሚፈልገውን አንድ በአንድ ያውቅ ነበር፦ ለገዢዎቹ ደብዳቤ፣ ለበሮቹ እንጨት፣ የሚመለስበት ቀን። ኢየሩሳሌም ሲደርስም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ቅጥሩን ዞሮ መረመረ። ጠላት ሲዝትበት ጸለየ፣ ዘበኛም አቆመ። «ጸልየናል፣ ዘበኛው ይቅር» ያለው አልነበረም።

ዕጣ የጣሉት ሐዋርያትስ? በይሁዳ ምትክ ሰው ሲፈልጉ ከአየር ላይ አልዘገኑም። መጀመሪያ መስፈርት አወጡ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት አብሯቸው የነበረ ይሁን አሉ። ከዚያ ሁለት ሰው አቆሙ፣ ጸለዩ፣ በመጨረሻ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። ሙስሊሟ ባልደረባችንም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የነገረችን ከዚህ አይርቅም። ኢስቲኻራ ሁለት ረከዓ ሰግዶ በጎውን እንዲመርጥልህ አላህን መለመን ነው፤ ሕልም ማየት ግዴታው አይደለም፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር መመካከርም አብሮት ይሄዳል አለችን። ያን ቀን ካፌው ውስጥ በነበረች!

«ልቤ ሰላም አገኘ» የሚለውንም ነገር እንነጋገርበት። ሦስት ቀን በጭንቀት የሰነበተ ልብ ደክሞትም ይረጋጋል። መረጋጋት ሁሉ ምልክት ከሆነ፣ ጌታ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ሲንጠባጠብ ምን ልንል ነው? እዚያ መረጋጋት አልነበረም፤ ግን ተነሥቶ ሄደ። ትክክለኛ ውሳኔ ሆድ እያባባና ጉልበት እየተንቀጠቀጠም ይወሰናል። «ቪዛሽ በእጄ ላይ ይታየኛል» እያሉ የጨነቃትን ልጅ ከውሳኔዋ የሚገላግሏት ሰዎችም የሚነግዱት በዚሁ ፍርሃታችን ነው። እኛ የምንፈልገው መሪ ሳይሆን ነገሩ ሲበላሽ የምናሳብብበት ሰው ሆነና ገበያቸው ደራ።

በሌላ ወገን ደግሞ «ጸሎት የሰነፍ ነው፣ ሲቪሽን አሳምሪ» የሚሉን አሉ። ከእነሱም አንስማማም። ውሉን አስነብበሽ፣ ቀድመው የሄዱትን ጠይቀሽ፣ ደምረሽ ቀንሰሽም የማታውቂው ነገር ይተርፋል። አሠሪዋ ምን ዓይነት ሰው ናት? ባልሽ የሚሆነው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? ይህን የሚያነብልሽ ኡስታዝም፣ ጠበቃም የለም። መታመን የሚጀምረው እዚህ ነው። ማንበብ የሚቻለውን ሳያነቡ እግዚአብሔርን አምኛለሁ ማለት ግን እምነት አይደለም፤ የቤት ሥራን ለአስተማሪው ሰጥቶ መተኛት ነው።

ስለዚህ እኛ አንድ ነገር ተስማምተናል። ከእንግዲህ «ጸልዪበት» የሚለው ቃል ብቻውን ከአፋችን አይወጣም። «ነይ፣ መጀመሪያ አብረን እንየው» ይቀድመዋል። ካላወቅን የሚያውቅ ሰው ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ አብረን እንጸልያለን። ከተሳሳትንም አብረን እንወቀሳለን።

ጓደኛችን ዛሬም ትጸልያለች፣ ከሁላችንም በላይ። ባለፈው እዚሁ አዲስ አበባ የሥራ ውል ተሰጥቷት ያችው ካፌ ይዛው መጣች። አማርኛ ነበር። ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችልን፤ እኛም እያስቆምን ጠየቅናት። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ «አሁን ጸልዩልኝ» አለችን።

ቸር ይግጠመን።