ወሬውም ይጹም

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም በተኩስ ስትናወጥ ዕለቱ የረመዳን 24ኛ ቀን ነበር። የተፋለሙት በጄኔራል አል ቡርሃን የሚመራው የሱዳን ጦርና በጄኔራል ደጋሎ የሚመራው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ናቸው። ሁለቱ መሪዎች ከዓመት ተኩል በፊት በጋራ መንግሥት የገለበጡ ሸሪኮች ነበሩ።

የሥልጣን ጠባቸው ብዙም ሳይቆይ ጎሣ ለየ። በዳርፉሯ ኤል ጄኔይና የማሳሊት ተወላጆች በማንነታቸው ተለይተው ተገደሉ። በመተማ በኩል ወደ አገራችን የተሰደዱትም ብዙ ናቸው። ገዳይም ተገዳይም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግድ ነበር። እንግዲህ የሃይማኖት አንድነት ብቻውን ከእርስ በርስ ጦርነት አያድንም።

እኛም ዘንድ ያልሻረ ቁስል አለ። ልጆቻችን ሰውን «እኛ» እና «እነሱ» ብሎ መክፈልን አብዛኛውን ጊዜ የሚማሩት ከቤት ነው። አባት በኢፍጧር ማዕድ ላይ አንድን ብሔር በጅምላ ሲያማ ይሰማሉ፤ እናት ያልተጣራ ቪዲዮ ለዘመድ ስትልክ ያያሉ። ከምግብና ከውኃ የታቀበ አፍ ከዚህ ካልታቀበ ጾሙ ምን ተረፈው?

ሱረቱል ሑጁራት ወሬን ማጣራትን፣ የተጣሉትን ማስታረቅን፣ በሌላው ሕዝብ አለመሳለቅን አከታትላ ታስተምራለች። ከተራዊሕ መልስ ከልጆቻችሁ ጋር አንብባችሁ ተወያዩባት። እውነትነቱን ያላረጋገጣችሁት ወሬ ለሌላ ሳይተላለፍ እናንተው ስልክ ላይ ይቅር። በፖለቲካ የተኳረፋችሁት ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለም ዒድን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ደውላችሁ ለአፍጥር ጥሩት።